የ2018 የገንዘብ ዕቅድ ለወሎ ሰው፦ ብራችን የት፣ ስንት፣ እስከ መቼ ይቀመጥ?

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ፣ ከሚሴ ወይም ባቲ ሆኖ ጥቂት ጥሪት ለያዘ ሰው ነው። ሚሊየነር መሆን አያስፈልግም። ባንክ 50 ሺህ ብር ያለው፣ ወንድሙ ጋ ሁለት በሬ በእኩል የሚያደልብ፣ እህቱ ከጅዳ የምትልክለት፣ እቁብ የሚጥል ሰው ሁሉ ኢንቨስተር ነው። ስሙን አይጠራበትም እንጂ።

ዋናው ሐሳቤ አንድ ነው። እኛ ሀብታችንን በሙሉ አንድ መንገድ ላይ ደርድረነዋል። ሥራው ደሴ፣ ቤቱ ደሴ፣ ሱቁ ኮምቦልቻ፣ በሬው ቃሉ፣ ተበዳሪው ደንበኛ ሐይቅ። መንገዱ ሲዘጋ ሁሉም በአንድ ቀን ይቆማል። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ያየነው ይኼንኑ ነው። ሱቅ ተዘረፈ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ከብት ተነዳ። ስለዚህ የ2018 ዕቅዳችን ከ«ምን ያተርፋል» በፊት «ከዚህ መንገድ ውጭ ምን አለኝ» ብሎ መጀመር አለበት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ከማለታችን በፊት ማለቴ ነው።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን ሁሉ በአራት ዓምድ ጻፉ

ደብተር አውጡ። ስልክ ላይም ይሆናል፤ ግን ወረቀት ላይ ሲሆን ባልና ሚስት አብረው ያዩታል። አራት ዓምድ አስምሩ፦ ምን፣ ስንት፣ የት፣ በስንት ቀን ብር ይሆናል።

ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓምድ ሰው አይጽፍም። ቁም ነገሩ ግን እዚያ ነው። ለምሳሌ ቤት ትልቅ ዋጋ አለው፤ ተቸግረህ ስትሸጠው ግን ወራት ይወስዳል፣ ችግርህን ያወቀ ገዥም ዋጋ ይሰብራል። የሱቅ ዕቃ በመደርደሪያ ዋጋ አይጻፍም። ዛሬ በጅምላ ብትለቁት በሚያወጣው ጻፉት። ዱቤ የወሰደባችሁ ሰው ካለ ከስድስት ወር በላይ የቆየውን ዜሮ አድርጉት። ቢመጣ ሲሳይ ነው።

የሴቶች ወርቅም ይጻፍ። ብዙ ቤት ውስጥ ከባንክ ደብተሩ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ማንም ግን «ሀብት» ብሎ አይቆጥረውም። ስትጽፉ የእጅ ዋጋውን ቀንሱ። ወርቅ ቤቱ ሲሸጥላችሁ የሠራበትን ያስከፍላል፤ ሲገዛችሁ ግን ግራሙን ብቻ ነው የሚመዝነው።

ዕዳም ይጻፍ፦ የባንክ፣ የማኅበር፣ የዘመድ። ብድራችሁ በዓመት 18 በመቶ የሚያስከፍላችሁ ከሆነ እሱን መክፈል ማለት ያለምንም ሥጋት 18 በመቶ ማትረፍ ነው። ይህን የሚያህል አስተማማኝ ትርፍ ሌላ ቦታ አታገኙም። ከወለድ የጸዳ የዘመድ ብድር ግን አያጣድፍም፤ በቃሉ ቀን ይከፈል።

ደረጃ 2፦ የመጪውን ዓመት አየር አንብቡ

ትንቢት አይደለም። ዓመቱን የሚገፉትን ነገሮች ማወቅ ብቻ ነው። እኔ የማያቸው እነዚህን ነው።

ምንዛሪው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በ2017 ጳጉሜን ላይ 140 አካባቢ ደርሶ ነበር። በዚያው ሰሞን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ፕሮግራም አጸደቀ። 2018 ሲገባ ፕሮግራሙ ገና ግማሹን አልሄደም ነበር። ስለዚህ ብር ቀስ እያለ መንሸራተቱን ይቀጥላል ብዬ ነው የማቅደው። እንደ መጀመሪያው ወር በአንዴ ይዘላል የሚል ግምት ግን የለኝም።

ዋጋ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። መውረዱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አትሳሳቱ። ንረት ወረደ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ ጭማሪው ዘገየ ማለት ነው። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነው። 100 ሺህ ብራችሁ በዓመቱ 107 ሺህ ይሆናል፤ ዛሬ በ100 ሺህ የሚገዛው ዕቃ ግን 114 ሺህ ይሆናል። ስድስት በመቶ ያህል ከሰራችሁ። ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ስለጨመረ ግን ያተረፋችሁ ይመስላችኋል።

ደመወዝ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ጨምሯል። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ግብር የማይነካው የገቢ ጣሪያም ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አድጓል። ለመምህሩና ለነርሷ እፎይታ ነው። ለነጋዴውም ገበያ ነው። ቤት አከራዩ ግን ወሬውን ከሠራተኛው ቀድሞ ሰምቷል፤ እሱንም አስቡት።

ብድር። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች በዓመት የሚጨምሩትን ብድር በጣሪያ ገድቧል። መጀመሪያ 14 በመቶ ነበር፣ በ2017 ወደ 18 ከፍ አለ። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ብድር ይጠባል። ብድር ሲጠብ ጥሬ ብር የያዘ ሰው ዋጋ ይደራደራል። ኮምቦልቻ ላይ መኪና ወይም ቦታ በችኮላ የሚሸጥ ሰው በ2018ም አይጠፋም።

ሰላሙ። ይህን የሚተነብይ ሰው አላውቅም፣ እኔም አልሞክርም። ያለ እሱ የተሠራ የወሎ ዕቅድ ግን ዕቅድ አይደለም። ዓመቱ መጨረሻ አካባቢ አገር አቀፍ ምርጫም ይጠበቃል። ስለዚህ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ትልቅ ክፍያ ወይም ትልቅ ጭነት አታስይዙ።

ስለ ፋብሪካና ባቡር ወሬም አንድ ነገር ልበል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሐምሌ ተመረቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ደግሞ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎዋ (ያለ ቀረጥ የመላክ) ዕድል ወጣች፤ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፋበት ሥራ ትልቁን በር አጣ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ ባቡር ግንባታ የተጀመረው በ2007 ነው። «ባቡሩ ሊጀምር ነው» እየተባለ ስንት ጊዜ ቦታ እንደተሻሻጠ የኮምቦልቻ ሰው ያውቃል። ወሬ ሰምታችሁ ቦታ አትግዙ። ባቡሩ ሲያፏጭ ብትገዙም አይረፍድም።

ደረጃ 3፦ የክፉ ቀን ብር

የስድስት ወር ወጪ ለብቻ ይቀመጥ። ሌላ አካባቢ ሦስት ወር ይበቃ ይሆናል፤ እዚህ ስድስት ነው።

ይህ ብር እንዲያተርፍ አይጠበቅም። እንዲገኝ ነው የሚጠበቀው። ሁለት የተለያዩ ባንኮች ላይ ክፈሉት። በአገራችን የተቀማጭ ገንዘብ መድን አለ፤ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ይሸፍናል። ከሁለቱ አንዱ ቅርንጫፉ አዲስ አበባም ደሴም የሚሠራላችሁ ይሁን። ጥቂቱ ቴሌብር ላይ ይሁን። የሁለት ሳምንት ወጪ ግን በእጅ ይኑር። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብሩም ሞባይል ባንኪንጉም አብሮ ነው የሚጠፋው።

ቅሬ (እድር) እንዳለባችሁም አትርሱ። ቅሬው ለለቅሶ ይደርሳል፤ ለሕክምና ግን አብዛኛው አይደርስም። ሰዎች የክፉ ቀን ብራቸውን «ቅሬ አለኝ» ብለው ያሳንሱታል። ደንቡን አንብቡት።

ደረጃ 4፦ ጎተራ

ይህ ክፍል ስለ አክሲዮን ለማንበብ የመጣውን ሰው ላያስደስት ይችላል። ግን የዋጋ ንረት ከሚለካበት ቅርጫት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ምግብ ነው። የቤታችሁም ወጪ እንዲሁ ነው። የዓመት እህል በአዝመራ ወቅት መግዛት በጣም ቀላሉ የንረት መከላከያ ነው።

ጤፍ ታኅሣሥና ጥር ላይ ገበያውን ሲሞላ ይረክሳል። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ላይ ይወደዳል። ልዩነቱ በየዓመቱ ይለያያል፤ እናንተ ራሳችሁ ሰኞ ገበያ የገዛችሁበትን ዋጋ በየወሩ ብትመዘግቡ በሁለተኛው ዓመት ማንም አይሸውዳችሁም። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ለዚህ ነው ለማቆየት የሚመረጠው። ማሽላና በቆሎ ግን አያያዝ ይፈልጋሉ፤ በደንብ ያልደረቀ ማሽላ ገዝቶ ማከማቸት ነቀዝ መቀለብ ነው።

የደጋው ሰው፣ የደላንታና የመቄት፣ በልጉን መጠበቅ አለበት። በልግ ካማረ ግንቦትና ሰኔ ይቀላሉ። የካቲትና መጋቢት ያለ ዝናብ ካለፉ ግን የምትሸጡትን እህል አዘግዩ፣ የምትገዙትን አፍጥኑ።

ከሚሴና ቃሉ ማሾ የሚያመርት ወገን ደግሞ ሳያውቀው የዶላር ንግድ ውስጥ ነው። ማሾ ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ነው። ዋጋውን ብር ብቻ አይወስነውም፤ እስያ ያለው ገዥም ይወስነዋል። አንድ ዓመት ስለተወደደ በቀጣዩ ዓመት ማሳውን በሙሉ ማሾ መዝራት አላበረታታም።

ደረጃ 5፦ ቀን የተቆረጠለት ብር

በዓመቱ ውስጥ የምትፈልጉት ብር አለ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጥር ሰርግ፣ የሐጅ ወይም የዑምራ ጉዞ፣ የሱቅ ኪራይ። ይህ ብር አክሲዮን ውስጥ አይገባም፤ በፈለጋችሁ ቀን ላይሸጥ ይችላልና።

እቁብ አንዱ መፍትሔ ነው፤ ግን ሒሳቡን እወቁት። 20 ሰው በወር 5 ሺህ ብር ቢጥል እጣው 100 ሺህ ነው። በሁለተኛው ወር የወሰደ ሰው ያለ ወለድ ተበደረ። በ20ኛው ወር የወሰደ ሰው ግን አበዳሪ ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። 100 ሺሁ እጁ ሲገባ የሚገዛው ዕቃ ቀንሷል። ስለዚህ እቁብ የምገባው አስቀድሞ የሚገዛ ነገር ካለኝና ቀደም ያለ ተራ በስምምነት ማግኘት ከቻልኩ ነው። የመጨረሻ ተራ ለቁጠባ ሥነ ሥርዓት ይጠቅማል፤ ለትርፍ አይጠቅምም። ዋሱ ማን እንደሆነ፣ ዳኛው ቀሪውን እንዴት እንደሚያስከፍል ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ሁለተኛው የግምጃ ቤት ሰነድ ነው። መንግሥት ለ28፣ ለ91፣ ለ182 ወይም ለ364 ቀን የሚበደርበት ወረቀት ነው። የሚሸጠው በቅናሽ ነው። እንበልና ዛሬ 93 ሺህ ብር ከፍላችሁ ከ182 ቀን በኋላ 100 ሺህ ትቀበላላችሁ። 7 ሺህ ብር በግማሽ ዓመት፣ ወደ ዓመት ሲመታ 15 በመቶ ገደማ ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ ዋጋው በየጨረታው ይለወጣል። ባንካችሁን ወይም ፈቃድ ያለውን አገናኝ «ለግለሰብ ዝቅተኛው መጠን ስንት ነው፣ ክፍያችሁስ ስንት ነው» ብላችሁ ጠይቁ። የቅርንጫፉ ልጅ ካላወቀ አትታዘቡት፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሎ እንዲጠይቅ አድርጉት። የሕዳሴ ግድብ ቦንድ የገዛ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ወገኑ አንድ ነው፣ ቀኑ አጭር ነው።

ሦስተኛው በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ተቀማጭ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ወለዱ ለድርድር ክፍት ነው። ሦስት ባንክ ዙሩ፣ የአንዱን ለሌላው ንገሩ።

ወለድ ለማይነካ ሰው

ወሎ ላይ ይህን ሳይጽፉ ማለፍ አይቻልም። ከላይ ያሉት ሁለቱ፣ የግምጃ ቤት ሰነድና የጊዜ ተቀማጭ፣ ወለድ ናቸው። ለእናንተ አይሆኑም ማለት ግን በር ተዘጋ ማለት አይደለም። አብሽሩ። ዘምዘምና ሒጅራን የመሰሉ ከወለድ ነጻ ባንኮች አሉ፤ ሌሎቹም ባንኮች ከወለድ ነጻ መስኮት ከፍተዋል። ተራ የአማና (የአደራ) ሒሳብ ትርፍ አይሰጥም፤ ሙዳረባ የሚባለው ግን ባንኩ ያተረፈውን ከእናንተ ጋር ይካፈላል። «የሙዳረባ ሒሳብ አላችሁ? ባለፈው ዓመት የተከፋፈለው ትርፍ ስንት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሱቅ ዕቃ ብድር ስትፈልጉ ሙራባሃ አለ፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ይሸጥላችኋል። አጠቃላይ ዋጋውን ከሌላ ብድር ጋር አወዳድሩ፤ ከወለድ ነጻ ማለት ርካሽ ማለት አይደለም።

ዘካችሁንም ከዕቅዱ ውስጥ አስገቡ። ኒሷቡ፣ ማለትም ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ትንሹ መጠን፣ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ነው፤ ዓመት የሞላው ገንዘብና የንግድ ዕቃ ላይ 2.5 በመቶ ይወጣል። ወርቅ ስለተወደደ ኒሷቡም በብር ከፍ ብሏል። አምና ግዴታ የነበረበት ሰው ዘንድሮ ላይደርስ ይችላል። ስሌቱን ሸሆቹን ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ በሬው

የወሎ ሰው እውነተኛ አክሲዮን በሬ ነው። ስለዚህ በአክሲዮን ዓይን እንየው።

የ2018 ጾም አቆጣጠር ልዩ ነው። ሁዳዴና ረመዳን የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገባሉ ተብሎ ይጠበቃል። ኢድ አል-ፈጥር መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ይውላል። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ዓረፋ ደግሞ ግንቦት አጋማሽን አልፎ ይመጣል። ለአድላቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥር ወይም የካቲት መጀመሪያ ላይ ባቲ ሰኞ ገበያ ወርዶ የገዛ ሰው ከፋሲካ በፊት ከሁለት እስከ ሦስት ወር አለው። የፋሲካ ገበያ ባያምር እንኳ ከስድስት ሳምንት በኋላ ዓረፋ አለ። በሬ ለሰባት ሰው ኡዱሒያ (የዓረፋ እርድ) ስለሚሆን ትልቅ ሰንጋም ገዥ አያጣም።

አሁን ሒሳቡ። በሬው 70 ሺህ። ፋጉሎ፣ ፉርሽካና ጭድ 15 ሺህ። መድኃኒትና ጨው 1,500። ደላላና መጓጓዣ 3,500። ድምር 90 ሺህ። በ105 ሺህ ብትሸጡት 15 ሺህ አተረፋችሁ፤ ወደ 17 በመቶ፣ ያውም በሦስት ወር። ከባንክ ጋር አይወዳደርም። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ የራሳችሁን ገበያ አስገቡባቸው።

ግን ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ ጉልበት። ማለዳ የሚያበላው ሰው አይከፈለውም? ወንድማችሁ ጋ በእኩል ከሆነ ትርፉ ለሁለት ይከፈላል፤ የእናንተ 7,500 ነው። ሁለተኛ መንገድ። በፋሲካ ሰሞን መንገዱ ቢዘጋና የአዲስ አበባ ገዥ ባይመጣ ያው በሬ 85 ሺህ ሊያወጣ ይችላል። ከ15 ሺህ ትርፍ ወደ 5 ሺህ ኪሳራ። ለዚህ ነው ከጥሪታችሁ ሩብ በላይ ከብት ላይ እንዳይሆን የምመክረው። በሬ ጥሩ ንግድ ነው። ያለው ግን እዚያው መንገድ ላይ ነው።

ደረጃ 7፦ ከመንገዱ ውጭ የሚሠራ ብር

አሁን አክሲዮን። የእኔ ምክንያት ከሌላው ይለያል። አክሲዮን የምወደው ብዙ ስለሚያተርፍ አይደለም። ድርሻ ያላችሁበት ድርጅት ሐዋሳም ጅማም አዲስ አበባም ስለሚሠራ ነው። ወሎ ላይ ሲጨልም እዚያ ይነግዳል።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ ጋዳ ባንክ ተከተለ። ገበያው ገና ልጅ ነው። ዛሬ የገዛችሁትን ነገ ልሸጥ ብትሉ ገዥ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ወደ አክሲዮን የሚገባው ለሦስት ዓመት የማትነኩት ብር ብቻ ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሕዝብ አቀረበ። አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዥ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር ማለት ነው። ግዥው በቴሌብር ስለነበር የወረኢሉም የቆቦም ሰው ከቤቱ ሆኖ መግዛት ይችል ነበር። በመጨረሻ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ብቻ ነው። ከዚህ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ዛሬ ካልገዛችሁ ያልቃል» ሲሏችሁ አትሩጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የባንክ አክሲዮን ለመግዛት ስታስቡ ይህን ስሌት አድርጉ። ማስታወቂያው «30 በመቶ ትርፍ ከፈልን» ይላል። 30 በመቶ የተሰላው በአክሲዮኑ የመጀመሪያ ዋጋ ነው። የመጀመሪያ ዋጋው 1,000 ብር ከሆነ 300 ብር ይከፈላችኋል። እናንተ ግን ከሌላ ሰው በ1,500 ብር ከገዛችሁት ትርፋችሁ 20 በመቶ ነው። ከዚያ ላይ ግብር ይነሳል።

በ2018 ሌላም ጉዳይ አለ። ነባር ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ወደ 5 ቢሊዮን ብር ማድረስ አለባቸው። ያልደረሱት አዲስ አክሲዮን እየሸጡ ነው። አዲስ አክሲዮን ሲበዛ ያው ትርፍ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ያልደረሰ ባንክ ከሌላ ጋር ሊዋሃድም ይችላል። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ ስትገዙ ሦስት ጥያቄ በቂ ነው፦ ካፒታሉ አሁን ስንት ደርሷል? ላለፉት ሦስት ዓመታት ለአንድ አክሲዮን ስንት ብር ከፈለ? የተበላሸ ብድሩ ከጠቅላላው ስንት በመቶ ነው? መልሱ ዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ አለ። ባንኮች ሒሳባቸውን ሰኔ 23 ይዘጋሉ፤ አብዛኞቹ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጉባኤ ይጠራሉ። ሪፖርቱን አንብባችሁ ጥር ላይ መወሰን ትችላላችሁ።

ከዚህ ውጭ በቴሌግራም «በቀን 3 በመቶ» የሚል፣ ሰው ስታመጡ የሚከፍል፣ «ቀድመህ ግባ» የሚል ነገር ሁሉ አይነካ። በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የሌለው ሰው አክሲዮን ሊያገበያይላችሁ አይችልም። የሚያውቁት የሰፈር ልጅ ቢሆንም።

ከጅዳ የሚመጣው

ቤታችሁ በሪያል የሚቆም ከሆነ እናንተ ዶላር ላይ ኢንቨስት አድርጋችኋል። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነው። ብር ሲወርድ የምትላክላችሁ ብር ትበዛለች። ስለዚህ ጥቁር ገበያ ዶላር ፍለጋ መዞር አያስፈልጋችሁም። ሕገወጥም ነው። የምንዛሪ ለውጡ ከመጣ ወዲህ በባንክና በውጭ ያለው ልዩነት ጠቧል፤ ለትንሽ ልዩነት የእህታችሁን ላብ ለማታውቁት ሰው አትስጡ። ከውጭ የሚላክለት ሰው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት የሚችልበት አሠራርም መጥቷል፤ ቅርንጫፋችሁን ጠይቁ።

ትልቁ ሥጋት ምንዛሪው አይደለም። እህታችሁ ናት። ኮንትራቷ ያልቃል፣ ትታመማለች፣ ትመለሳለች። የምትልከውን በሙሉ ለወር ወጪ የሚያደርግ ቤት ስትመለስ ባዶ እጁን ይቀበላታል። ከምትልከው ሩቡን በስሟ አስቀምጡ። በስሟ ነው ያልኩት።

ወርቅን በተመለከተ አጭር ነኝ። የዓለም ዋጋው በመጋቢት 2017 ለመጀመሪያ ጊዜ በአውንስ ከ3,000 ዶላር አለፈ፤ ብርም ስለወረደ እዚህ እጥፍ ተሰማ። ያላችሁን ያዙ። አዲስ ግን በዚህ ዋጋ ተሯሩጣችሁ አትግዙ። ቤት ለመግዛት ለምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፦ ደሴ ላይ ቤት ስታዩ ከቤቱ በላይ ያለውን ገደል ቀና ብላችሁ እዩ። የናዳ ነገር እዚህ ቀልድ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው

እንበል ባል መምህር፣ ሚስት ኮምቦልቻ ልብስ ትሸጣለች። የራሳቸው ቤት አላቸው፣ ሱቋ ውስጥ የ500 ሺህ ብር ዕቃ አለ፣ ወንድሟ ጋ ቃሉ ሁለት በሬ አሉ። ባንክ 300 ሺህ ብር አለ። የወር ወጪያቸው 20 ሺህ ነው።

ሦስተኛውን ዓምድ ሲያዩ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ደመወዙና በሬው በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ናቸው። ሌላ በሬ መጨመር፣ ሱቁ ላይ ዕቃ መጨመር የለባቸውም። ስለዚህ 120 ሺህ የስድስት ወር የክፉ ቀን ብር፣ በሁለት ባንክ። 40 ሺህ ለታኅሣሥ ጤፍ ይቆያል። 60 ሺህ ለልጆች ትምህርት፣ በግምጃ ቤት ሰነድ ወይም በሙዳረባ። ቀሪው 80 ሺህ ወደ አክሲዮን፤ ያም በአንድ ቀን አይደለም። ግማሹ የባንኮች ሪፖርት ከወጣ በኋላ ጥር ላይ፣ ግማሹ የካፒታል ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ። ሚስትየው «ለምን ሱቄ ላይ አልጨምረውም? እኔ ከባንኩ የበለጠ አተርፋለሁ» ትላለች። ልክ ናት፤ ታተርፋለች። ሱቁ ክፍት እስከሆነ ድረስ።

ደረጃ 8፦ በወር አንድ ምሽት

በየወሩ አራት ቁጥር ጻፉ። የባንክ የዶላር ዋጋ። የጤፍ ኩንታል በገበያችሁ። የደሴ–አዲስ አበባ ታሪፍ። የስታቲስቲክስ አገልግሎት ያወጣው የወሩ ንረት። ታሪፉ የነዳጅንና የመንገዱን ሁኔታ ከዜና ቀድሞ ይነግራችኋል።

ከዚያ ለክፉው አስቀድማችሁ ወስኑ። «መንገድ ከሁለት ሳምንት በላይ ቢዘጋ የሱቅ ዕቃ አላመጣም፣ ዱቤ አቆማለሁ።» «ንረቱ ከ10 በመቶ በታች ቢወርድ የግምጃ ቤት ሰነዱን ለረጅሙ ቀን አደርገዋለሁ።» በጻፋችሁት ቀን ቀዝቃዛ ጭንቅላት ነበራችሁ፤ የዚያን ቀኑን ራሳችሁን እመኑ።

በመጨረሻ ወረቀቶቹ። የአክሲዮን ሰርተፍኬት ቁጥር፣ የሰነዱ ማብቂያ ቀን፣ የባንክ ሒሳቦች ዝርዝር፣ በእኩል ስለተሰጠው ከብት የተጻፈው ውልና የምስክሮቹ ስም፣ የእቁቡ ደብተር። ሁሉንም ፎቶ አንስታችሁ ከወሎ ውጭ ላለ አንድ የምታምኑት ዘመድ ላኩ። የሚስጥር ቁጥር አትላኩ። ባል ብቻውን የሚያውቀው አክሲዮን ካለ ዛሬ ማታ ለሚስቱ ይንገራት፤ ወራሽ የማያውቀውን ድርሻ ባንክ ፈልጎ አያመጣላትም።